የተነካ አይመለስም

እናቴን እኔ እይዛታለሁ፤ አባቴን ወንድሜ ይይዘዋል። ቁመታቸው ከክንድ ያጥራል፤ አጥንታቸው ሽቦ፣ ሥጋቸው የማይደርቅ ጭቃ ነው። ወንድሜ የአባቴን ክንድ የፀጉር ያህል ከፍ ያደርጋል፣ እጁን ከመብራቱ ያወጣል፣ ሪሞቱን ይጫናል፣ ካሜራው አንድ ፎቶ ያነሳል። ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው። የእናቴን አንገት የፀጉር ያህል አዞራለሁ፣ እጄን አወጣለሁ፣ ጠቅ። ቀኑን ሙሉ ስንለፋ ውለን የሚወጣልን ነገር አንድ ጥፊ ቢሆን ነው። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ ግን ጭቃው ነፍስ ይዘራል፣ ጥፊውም የእውነት ጥፊ ይሆናል።

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ከወንድሜ ጋር አሻንጉሊት እጫወታለሁ» ብዬ አልፈዋለሁ። ወንድሜ ግን ይህ ቀልድ አይዋጥለትም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ «የሙከራ አኒሜሽን ነው የምንሠራው» ይላል። ጋሼ የምለው ስለሚበልጠኝ ብቻ አይደለም፤ ከተወለደ ጀምሮ ሽማግሌ ነው። እሱ ደግሞ እኔን «ክብሪት» ይለኛል። ለምን እንደሆነ የሰበርኳቸው የካሜራ መቆሚያዎች ይመስክሩ።

ሕጋችን ሁለት ነው። ማንም የሌላውን አሻንጉሊት አይነካም፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግም አስቀድሞ አይናገርም። ሁለተኛው፣ የተነካ አይመለስም። አንዴ የተነሳ ፎቶ አይጠፋም፣ አይደገምም፣ ቢያምርም ቢያስጠላም እዚያው ይኖራል። በዚህ ሙያ ከሁሉ የከፋው ነውር እጅህን ፎቶው ውስጥ ረስተህ መጫን ነው። እኛ እሱንም ቢሆን አናጠፋውም፤ ስለዚህ እጃችንን እንደ እሳት እንጠብቃለን። ወንድሜ በሕጋችን የሚስቁትን የሙያ ጓደኞቻችንን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እያለ ዝም ያሰኛቸዋል።

ሕጉን ያወጣነው ጠረጴዛ ስር ነው። ልጆች ሳለን አባታችን እናታችንን መምታት ሲጀምር ወጥ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ስር እንገባለን። አባታችን አናጺ ስለሆነ የእንጨት ስንጥቅ የሚደፍንበት ስቱኮ ከቤት አይጠፋም ነበር፤ ከሱ ትናንሽ ሰዎች ሠርተን፣ አንዴ እሱ አንዴ እኔ፣ ድምፅ ሳናሰማ እናንቀሳቅሳቸዋለን። ከላይ የሚሆነውን አናይም። የምናየው እግር ብቻ ነው፤ የእሱን ቦት ጫማና የእሷን ባዶ እግር።

እናታችን የሞተችው እንዲህ ስንጫወት ነው። አባታችን ለጎረቤትም ለፖሊስም «አዳልጧት ወድቃ የምድጃው ጠርዝ መታት» አለ። በዚያው ሰሞን አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ እሱንም ስንጣሪ ገብቶበት ነው አለ። ወንድሜ አመነው፤ እኔ አላመንኩትም። ወንድሜ አባቴን አንተ ይለዋል፤ እኔ አንቱ እለዋለሁ። አክብሬው እንዳይመስላችሁ፣ እንዲርቀኝ ነው። ደግሞ ሲምል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይላል፤ አንዱ እኮ ሆኖልዎታል እያልኩ በሆዴ እስቃለሁ።

ፊልሙ የዚያ ቀን ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጠን እግር ብቻ አነሳን፤ ልክ ያየነውን፣ ሁለታችንም ሳንጣላ። ሁለተኛው ክፍል ያንኑ ድብደባ ከጠረጴዛው በላይ ሆኖ ያሳያል። ሁለቱ በአንድ ስክሪን ላይ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ አብረው ይሄዳሉ። የእግሩ ፎቶ ተነስቶ አልቋል፣ አይመለስም፤ ስለዚህ ያላየነውን ገላ ካየነው እግር ጋር ማስማማት አለብን። እኔ ከዚህ ሁሉ ልፋት የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መልሳ እንድትመታው።

የፊልሙን ወጥ ቤት የሠራልን ራሱ አባታችን ነው። አርጅቷል፣ እጁ ግን አላረጀም፤ ፊት ለፊት ካለው ክፍል ሆኖ አሁንም ያንኳኳል። እኛ ከኋላ ያለውን የድሮ መጋዘኑን ይዘን፣ የፀሐይ ብርሃን እንዳይዘዋወርብን መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጠርቅመን እንሠራለን። ወንድሜ «ለአሻንጉሊት የሚሆን ትንሽ ወጥ ቤት ሥራልን» አለው እንጂ ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሠርቶ ያመጣው ያንኑ ወጥ ቤት ነበር። ጠረጴዛው፣ በርጩማው፣ ምድጃው፣ መደርደሪያው፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ የጥፍር ያህል ካውያ ሳይቀር። በሩ ብቻ አይከፈትም ነበር። ማጠፊያ አለው፣ እጀታ አለው፣ ብትገፋው ግን ንቅንቅ አይልም።

«ሙጫ አፍስሶበት ነው» አልኩት ወንድሜን፤ «ባንድ ዓይን ከዚህ በላይ አይጠበቅም።»

«ተይው፣ በሩን አንጠቀምበትም» አለ።

ጠባችን የተጀመረው ተረከዟ ላይ ስንደርስ ነው። ሁለታችንም አንድ ነገር እናስታውሳለን፤ የእናቴ ተረከዞች ከወለሉ ተነሱ፣ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች፣ ከዚያ የአባቴ ቀኝ ቦት ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ተረከዙ ወደ ውጭ ዞረ። ከዚያ በኋላ ዓይናችንን ጨፍነናል። የሰማነው ብቻ ነው ያለን፤ የሩጫ ኮቴና አንድ ድምፅ።

«አንቆ አንስቷት ነው ተረከዟ የተነሳው» አልኩት።

«ተንጠራርታ ነው።»

«ምን ልታወርድ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ሳህን ትሆናለች፣ ጨው ትሆናለች። ተንጠራራች፣ አዳለጣት።»

«ሰው እየተደበደበ ጨው ያወርዳል? ጋሼ፣ አንተ አባትህን ለማዳን እናትህን ድስት ታስማስላታለህ!»

«አንቺስ እሱን ለመስቀል ስትይ የሌለ እጅ ትቀጥይለታለሽ!»

ደሜ ፈላ። የያዝኩትን የጭቃ መቁረጫ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ወንድሜም፣ ያ ረጋ ያለው ሽማግሌ፣ ወንበሩን በእርግጫ አለው። ከዚያ ሁለታችንም አፈርን። በእኛ ሥራ ደግሞ ልማድ አለ፤ ለአሻንጉሊቱ አንድ እንቅስቃሴ ከመስጠታችን በፊት በራሳችን ገላ እንሞክረዋለን፤ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው እግር እንደሚቀድም ለማወቅ።

«እሺ፣ እንሞክረዋ» አለ። «ነይ ቁሚ።»

የመጋዘኑን መደርደሪያ ከኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። አንገቴን ያዘ። መጀመሪያ እንደ ሥራ ነበር የያዘኝ፣ እንደ ሐኪም።

«እንዲህ ነው የምትይው?»

«ጠበቅ አድርገው፤ በዚህ ተረከዜ አይነሳም።»

አጠበቀው። ተረከዜ ተነሳ። ወደ ታች ሳይ እግሮቹ ወደ እኔ እየገፉ ነው፤ ሰው ሲያንቅ ወደ ፊት ነው የሚሄደው እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ልነግረው ፈለግኩ፣ ድምፅ አልወጣኝም። እሱ ደግሞ ፊቱ ተለዋውጧል። «ተናገሪያ! ይኸው! እንዲህ ነው ያደረጋት? እንዲህ?» እያለ ይጮኻል። ጣቶቹ አንገቴ ላይ ሰመጡ። ዓይኔ ጨለመ። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ወደ ላይ ሄደ፣ መደርደሪያው ላይ ያገኘውን ያዘ፣ ያገኘውም የእንጨት ጉማጅ ነበር፣ በሙሉ ኃይሌ ቅንድቡ ላይ አሳረፍኩት።

ለቀቀኝ። ደሙ አፍንጫው ላይ ወረደ። እኔ እያሳለኝ፣ እሱ ቅንድቡን ይዞ፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ታች አየን። ቀኝ እግሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ተረከዙ ወደ ውጭ ዞሯል።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። አንቋታል፤ እሷም ተንጠራርታለች። የተንጠራራችውም ለጨው አልነበረም።

«ካውያው» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ። «ዓይኑ…»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላ ምን ልበል? ጉሮሮዬ እንደ እሳት እየነደደ ሳቅኩ፤ ወንድሜን በደሙ እንዳለ አቅፌ ሳምኩት። መታዋለች! ያቺ ድምፅዋን እንኳ የማናስታውሰው እናታችን ካውያ አንስታ ዓይኑን አጥፍታለታለች! እሱ ግን አልሳቀም። ቅንድቡን በጨርቅ እየጠረገ «ስንጣሪ ነው ብሎኝ ነበር» አለ።

በማግስቱ ምቱን አነሳነው። እሱ የአባቴን ጣቶች በእናቴ አንገት ዙሪያ አጠበበ፤ እኔ ክንዷን ወደ መደርደሪያው ሰደድኩ፤ ካውያውን አስያዝኳት፤ አወረድኩት። ወንድሜ በአውራ ጣቱ የአባቴን ዓይን ወደ ውስጥ ገፋው። ጭቃ ነው፣ ሲሰረጉድ ግን ፊቴን አዞርኩ። ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ አጫወትነው። ከታች ተረከዟ ሲነሳ፣ ከላይ ካውያው ሲወርድ፣ ከታች ቦት ጫማው ሲያፈገፍግ አንድ ሆኖ ገጠመ። ደግመን ደጋግመን አየነው።

«ግራ ነው» አለ ከኋላችን ድምፅ።

አባቴ ነበር። የትንሹን በርጩማ የተሰበረ እግር ጠግኖ በነጠላ ጫማው ሲገባ አልሰማነውም። በደህናው ዓይኑ ስክሪኑን ያያል።

«ምኑ?» አለ ወንድሜ።

«የመታችኝ እጅ። በቀኝ አድርጋችሁታል። እናታችሁ ግራኝ ነበረች።»

ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ። «አባዬ፣ ስንጣሪ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ። በዓይንህ ምለህልኝ!»

አባቴ ወንበር ሳበና ወጥ ቤቱ ፊት ተቀመጠ። ትንሹን በርጩማ ከቦታው አቆመ። ከዚያ እጁን ሰደደና የራሱን አሻንጉሊት ያዘ። ወንድሜ ሊከለክለው ይገባ ነበር፣ ሕግ ነው፤ ግን ሪሞቱን እንደጨበጠ ቀረ። አባቴ የሰውየውን እጅ የፀጉር ያህል ወደ ጠፋው ዓይን አነሳ። እጁን ከመብራቱ አወጣ። ጠበቀ። ወንድሜ ሳያስበው ተጫነ። ጠቅ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ተራው ያንቺ ነው።»

እንዴት ሕጋችንን እንዳወቀ አልጠየቅኩም። በዚያ ግድግዳ ማዶ ሆኖ ስንቱን ሰምቶ ይሆናል። እናቴን ያዝኩ። ካውያውን እንድትጥል አደረግኩ። ጠቅ። እሱ ሰውየውን አዞረ። ጠቅ። እኔ ወደ በሩ አስጀመርኳት። ያ የሰማነው የሩጫ ኮቴ ይህ ነበር፤ ጆሮዬ አወቀው። እሱ ሰውየውን ወደ በርጩማው አጎነበሰው። እኔ እግሯን አስቀደምኩ። ሽማግሌው አይቸኩልም፤ ተራዬን ያከብርልኛል። እኔ ግን ቸኩያለሁ፤ ከፀጉር በላይ፣ ከጣት በላይ አራምዳታለሁ፣ ፊልሙ ይዝለል ግድ የለኝም፣ ብቻ ትድረስ። ደረሰች። እጇን እጀታው ላይ አደረግኩ። ገፋሁት፤ በሩ እንቢ አለ።

«አይከፈትም» አለ አባቴ። «እንዳይከፈት አድርጌ ነው የሠራሁት። ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነበር።»

«ለምን አይከፈትም?» አልኩት።

«ተቆልፎ ነበራ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ከመታችዎት በኋላ ቆለፉት?»

«አይደለም። ስገባ። ሁልጊዜ አስቀድሜ እቆልፋለሁ፤ ጎረቤት ጥልቅ እንዳይል።»

ከዚያ በርጩማውን በሰውየው እጅ አስያዘና ወደ እናቴ ጭንቅላት አወረደው። ሳያርፍ አላቆመም። ጭቃው ተሰረጎደ፣ ሽቦው ተጣመመ፣ እናቴ በሩ ስር ተደፋች። እጁን ከመብራቱ አወጣ። «አላዳለጣትም» አለ፣ ወደ ወንድሜ ዞሮ። ሪሞቱ ጠቅ አለ።

ወንድሜ ሪሞቱን በቀስታ አስቀመጠ። ተነስቶ ወደ መጋዘኑ በር ሄደ። የእውነቱ በር ነው የምላችሁ። ቁልፉን አዞረ፣ መዝዞ ኪሱ ከተተው። ሲመለስ ከመሣሪያ ሳጥኑ መዶሻ አነሳ። አባቴ የቁልፉን ድምፅ ሰማ። መነጽሩን አውልቆ ትንሹ ጠረጴዛ ላይ አኖረና እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ።

ይህን ቀን ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት። እንዲያውም በእኔ እጅ ይሆናል ብዬ ነበር። ቀና ብዬ ማየት ግን አቃተኝ። ዓይኔ ወለሉ ላይ ተተከለ። የአባቴ ነጠላ ጫማ አይንቀሳቀስም። የወንድሜ ቦት ጫማ ይመጣል፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። የማየው እግር ብቻ ነው። አጠገቤ ደግሞ የተሰበረች የጭቃ ሴት ተደፍታለች። ያኔ ገባኝ፤ አሁንም ጠረጴዛ ስር ነኝ። ያኔም ዝም አልኩ፣ አሁንም ዝም ብያለሁ፣ በሩ ደግሞ ያኔም አሁንም ተቆልፏል።

ወጣሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ብቻ በሁለቱ መካከል ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«ዞር በይ።»

«ቁልፉን ስጠኝ አልኩህ!»

«ክብሪት፣ ዞር በይ ብዬሻለሁ!»

መዶሻው ሲወርድ ቀኝ ክንዴን አነሳሁ። የተሰበረው አጥንት ድምፅ ደረቅ ጣውላ ሲሰነጠቅ ካለው ድምፅ አይለይም፤ የአናጺ ልጅ ስለሆንኩ አልተሳሳትኩም። አልጮኽኩም፤ የጮኸው ወንድሜ ነው። መዶሻውን ጥሎ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለና «ምን አደረግኩ፣ እህቴን ምን አደረግኩ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ግራ እጄን ኪሱ ከትቼ ቁልፉን አወጣሁ። በሩን ከፈትኩት። የቀን ብርሃን እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ገባ።

«ውጣ» አልኩት አባቴን። አንቱታው ያን ቀን አበቃ።

«የት ልሂድ?»

«እሷም የምትሄድበት አልነበራትም። ውጣ። እሷ ያላገኘችው በር ይኸውልህ።»

መነጽሩን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። በኋላ እንደሰማነው በነጠላ ጫማው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። እነሱም ሰምተውት፣ ነገሩ በጣም ስለቆየ በይርጋ ታግዷል ብለው ሸኙት። አሁን አክስታችን ጋ ነው። እሱን ለመክሰስ የተከፈተ በርም የለም ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሕግ ሲቀልድ እንዴት እንደሚያስጠላ የደረሰበት ያውቀዋል።

ወንድሜ ክንዴ እስኪጠገን አጠገቤ እየዋለ ዓይኔን ማየት ፈራ። አዲስ በር ልሥራልሽ አለኝ፣ የሚከፈት፤ እንቢ አልኩት። ያ ቀን ተነስቷል፣ አይመለስም፤ በሩም የዚያ ቀን በር ነው። ይልቅ አንድ ቀን ክንዴን በጄሶ እንዳሰርኩ ወደ መጋዘኑ ወሰድኩት። ወጥ ቤቱ እንደነበረ ነው። እናቴ በሩ ስር ተደፍታለች።

«ጋሼ፣ ተራው የማን ነበር?»

አሰበ። «ያንቺ» አለ።

በግራ እጄ እናቴን ከወለሉ አነሳኋት። የተሰረጎደ ጭንቅላቷን አላቃናሁትም። መጀመሪያ በጉልበቷ፣ ጠቅ፤ ከዚያ በእግሯ፣ ጠቅ። ወንድሜ በየተራው ሰውየውን ማንቀሳቀስ ይችል ነበር፤ እጁን ከጉልበቱ አላነሳም። እናቴን ከበሩ ፊት አቆምኳት። ከዚያ ያንኑ መዶሻ አምጣልኝ አልኩት። አመነታ፤ አመጣልኝ። ግራ እጄ አልለመደምና የመጀመሪያው ምት ግድግዳውን መታው። ሁለተኛው ማጠፊያውን ነቀለው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም፤ እያለቀስኩ፣ እየተሳደብኩ፣ ስንጣሪው ፊቴ ላይ እየተረጨ፣ በሩ በር መሆኑ እስኪቀር መታሁት። መዶሻውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ተጫን» አልኩት።

«እጅሽ ገብቷል። ከነመዶሻው።»

«ይግባ።»

ጠቅ አለ። መዶሻውን አስቀምጬ እናቴን በግራ እጄ ያዝኳትና በተሰበረው በር ከቤት አወጣኋት።